«ንገሯት እንጂ!»

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ውስጥ ገና ሁለቴ ይመጣል። የመጀመሪያው የጎረቤቶቻችን ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ሰው ሁሉ «ኡሻጎ» እያለ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል፤ የቲካ መንገድ ሻንጣና ጆንያ በጫኑ መኪኖች ይሞላል፤ ፎቁ ባዶ ሲቀር አስካሪው፣ ማለትም ዘበኛው፣ ብቻውን ራዲዮውን ከፍቶ በር ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው የእኛ ነው፤ ታኅሣሥ 29። ያን ጊዜ ጎረቤቶቻችን ተመልሰው፣ ኪሳቸው ተራግፎ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶባቸው፣ «ንጃንዋሪ» የሚሉትን የችግር ወር ተያይዘውታል። እኛ ደግሞ ጾም የምንፈታው ያን ቀን ነው። የወጣችን ሽታ በደረጃው ሲወርድ የየፎቁ ልጆች በር እየከፈቱ ብቅ ብቅ ይላሉ። የእኛን ገና ደብቆ ማክበር አይቻልም፤ ሽታው ይናገራል።

እዚህ የመጣሁት በ2002 ዓ.ም ነው። አራት ሴቶች ሆነን ከሙዊኪ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ፎቅ አራተኛው ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። የቲካ መንገድ ያን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ ነበር። ፕሬዚዳንት ሙዋይ ኪባኪ መርቀው የከፈቱት በ2005 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ነው፤ እስከዚያው አቧራው የተዘጋ መስኮት አልፎ እየገባ እንጀራችን ላይ ሲያርፍ ኖርን። ልብስ የምናሰጣው ጣሪያው ላይ ነበር። ከዚያ ሆኖ ሲያዩት እ.ኤ.አ. በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተሠራው ስታዲየም ከነመብራት ምሰሶዎቹ ቅርብ ይመስላል። ማታ ማታ እዚያ ወጥተን ወደ አገር ቤት ስልክ እንደውላለን። ኔትወርኩ የሚሻለው ጣሪያው ላይ ስለነበር ነው።

ከአራታችን ታላቋ ወልድያ ያደገች ሴት ናት። በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁላችንም «እታለም» ነበር የምንላት። አሁንም እንደዚያው ነው የምንላት። የቤቱ ምጣድ የእሷ፣ የቤቱ ቁጣ የእሷ፣ የታመመ ሰው ጉዳይም የእሷ ነበር። ቴሌቪዥኑን የገዛችልንም እሷ ነች፤ ወደ አውስትራሊያ ከሚሄድ ያገር ልጅ ከዲቪዲ ማጫወቻው ጋር በቅናሽ ወሰደችውና ማታቱ ከሚባለው ሚኒባስ መውረጃ ጀምሮ በእጅ ጋሪ አስገፍታ አመጣችው። በዳንቴል ሸፈነችው። ከኪራዩ ቤት ውስጥ የራሳችን ብለን የምናየው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ «ገመና» ነበር። አዳነች ወልደገብርኤል የጻፈችው ይህ ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ዳንኤል ተገኝ የሚጫወተው ዶክተር ምስክር በሚቀርብበት ምሽት፣ አገር ቤት ሰፈራችን ጭር ይል ነበር። ናይሮቢ ደግሞ ኢስሊ ድረስ ሄዶ የተገለበጠ ሲዲ መፈለግ ያስፈልጋል። ከበርበሬውና ከጤፉ ጋር በሞያሌ በኩል ይመጣል። አንዳንዱ መሃል ላይ ይቆማል፤ አንዳንዱ ድምፁ ከአፋቸው ቀድሞ ይሄዳል። ግድ አልነበረንም። የቆመበት ቦታ ላይ እታለም «ይኼኔ እኮ እንዲህ ብሎ ይሆናል» እያለች የጎደለውን ትሞላልን ነበር፤ ትክክለኛውን ስናገኝ የእሷ ይሻል እንደነበር እንስማማለን።

የድራማው ስም ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶ ነበር። ምሥጢር የማንም ሊሆን ይችላል፤ የመንግሥት፣ የነጋዴ፣ የጦር ሠራዊት። ገመና የቤት ነው። ሲገለጥ ያሳፍራል፣ ሲሸፈን ያስከብራል። «ገመናዬን ሸፈነልኝ» የሚባለው ለሥጋ ዘመድ ወይም እንደ ዘመድ ለሆነ ሰው ነው። እኔ ያደግሁበት ግቢ ቴሌቪዥን የነበረው በአንድ ቤት ብቻ ነበር፤ በበዓል ማታ ጫማችንን ደጃፉ ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንኮለኮላለን። ኋላ በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ሬዲዮ ኢትዮጵያ «የቀን ቅኝት»ን ሲያስተላልፍ እናቶቻችን ቡና አፍልተው ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ያደርጋሉ። ስለ ኤችአይቪ ነበር። በዚያው ወቅት በየቤቱ ሰው ይሞታል፤ የሞተበት ምክንያት አይነገርም። እናቴ በሬዲዮው ለሚታመሙት ጮክ ብላ እያዘነች፣ ከአጥራችን ማዶ ስላለው ቤት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንኳ አታነሳም ነበር። ስለ ገመና የተማርኩት ከዚያ ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2003 ዓ.ም፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ከወልድያ ነው። የእታለም ወንድም ነበር፤ ቁጥሬን እሷ ራሷ «እኔን ካጣኸኝ» ብላ የሰጠችው ነው።

«እማዬ ትናንት በገብርኤል ዕለት አረፈች። ቀብረናታል» አለኝ። ድምፁ ለቅሶ የጨረሰ ሰው ድምፅ ነበር። «እሷ ግን በስልክ እንዳትሰማ። ሰው ሰብስባችሁ፣ በወጉ። አደራሽን እህቴ።»

የምሄድበት ሲጠፋብኝ ኢስሊ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ የካሳራኒም የኢስሊም አበሻ ሠርጉንም ሐዘኑንም ለእሳቸው ነው የሚነግረው። ሚዛናቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩ። «ዛሬና ነገ የሚሰበሰብ ሰው የለም፤ ሁሉም ለበዓል ገበያ ላይ ነው። ወረቀቷም አላለቀም። ሰምታ እሄዳለሁ ብላ ሞያሌን ከተሻገረች መመለሻ የላትም፤ አጠገቧ ሆኖ የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋል። መርዶ ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም ልጄ። በዓሉ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ እንመጣለን።»

ዐሥር ቀን መሆኑ ነው። የቤቱ ሌሎች ሁለት ልጆችም አወቁ። ከዚያች ማታ ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው የሚያውቀውን አራተኛዋ የማታውቅ ሆነች።

እነዚያን ዐሥር ቀናት ዛሬም አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። ሐዘኑን ውጠን እሷ ፊት ጤነኛ ሆነን መገኘት ነበረብን። ስትስቅ መሳቅ፣ ስትቆጣ መቆጣት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በዋዜማው ሐሙስ እታለም የ200 ሽልንግ ካርድ ሞልታ ጣሪያው ላይ ወጣች። እናቷን እንኳን አደረሰሽ ልትል ነው። ተከትያት ወጣሁ። ከተሰጣው አንሶላ ኋላ ቆማ ደወለች፤ አይነሳም። ወንድሟ ጋ ደወለች፤ ጠፍቷል። ደግማ ደወለች። ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው፣ እንደ ገና አስጠጋችው።

«ኔትወርክ የለም ዛሬ» አልኳት። «እኔም ስሞክር ነበር። አገሩ በሙሉ በአንዴ እየደወለ ነው።»

«እውነትሽን ነው» አለች። ስልኳን መቀነቷ ውስጥ ወሸቀችው። የእኔ ስልክ ጠፍቶ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ወንድሟ በዚያች ደቂቃ እንዳይደውል ብዬ ነው ያጠፋሁት።

እዚያው ጣሪያ ላይ በርጩማ አምጥታ ሹሩባ እንድሠራት ጠየቀችኝ። በዓል ነዋ። ፀጉሯ ወፍራም ነበር፤ ቅቤ አስነክቼ፣ በማበጠሪያው ጫፍ መስመር እያወጣሁ፣ ከግንባሯ ወደ ማጅራቷ ጎነጎንኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። እየሠራሁት ቅዳሜ እንደምትፈታው አውቅ ነበር። ጭንቅላቷን ወደ እኔ ጥላ ስለ እናቷ የገና ዳቦ ነበር የምታወራው፤ በኮባ ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት የሚያገኘው፣ ጠርዙ ጠቆር ሲል የሚጥመው። እጄ ሲቆም «አመመሽ እንዴ?» ትለኛለች።

ዓርብ ሆነ። ገና ዓርብ ከዋለ አይጾምም፤ ጠዋቱኑ ፈታን። ከሙዊኪ ገበያ የገዛነው አውራ ዶሮ ጂኮው፣ የከሰል ምድጃው፣ ላይ ከሌሊት ጀምሮ ሲንተከተክ አድሮ ነበር። ዐሥራ ሁለቱን ብልት ያወጣችው እሷ ነች፤ እንቁላሉን የላጠችው እሷ ነች። ቁርጥራጩን ለየሰዉ ስትመድብ «ይቺ የእማዬ ድርሻ ናት» ብላ ፈረሰኛውን ለብቻ ሣህን ላይ አስቀመጠችው። በየዓመቱ ታደርገዋለች፤ ማታ ላይ ለአስካሪው ትሰጠዋለች። ከሦስታችን ሣህኑን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ፣ ቄጤማ ባናገኝ ለምለም ሣር ተጎዘጎዘ፣ «ገመና» ተከፈተ። ከቤቱ ሰው ሌላ ከሦስተኛ ፎቅ የጎረቤት ልጆች መጥተው ነበር፤ አማርኛ አይሰሙም፤ እኛን እያዩ ሲከፋን ይከፋቸዋል። ተሸሽጎ የቆየ ነገር ሊወጣ የሚቃረብበት ክፍል ነበር። እታለም እንደ ልማዷ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማውራት ጀመረች። መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎ በደንብ። እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ነጠላዋን ጫፉን ይዛ አበሰችውና ወደ ቴሌቪዥኑ እጇን ዘርግታ ጮኸች።

«ንገሯት እንጂ! እንዴት ያስችላችኋል? አንድ ማዕድ እየበላችሁ! ንገሯት!»

ሲኒ ይዤ ነበር። አስቀመጥኩት። አንደኛዋ ልጅ ዕጣን የሚጨምር መስላ ወደ ጓዳ ገባች፤ አልተመለሰችም። ሌላይቱ የጎረቤት ልጅ አቅፋ ፊቷን በልጁ ራስ ሸፈነች። እኔ ቴሌቪዥኑን እያየሁ ምንም አልታየኝም። እታለም ዞር ብላ አየችኝና «አይዞሽ፣ ድራማ እኮ ነው» አለችኝ። እሷ ናት እኔን ያጽናናችኝ።

ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ቀድሜ ነቅቼ ነበር፤ ከፈትኩ። ጋሼ ከፊት፣ ከኋላቸው ደረጃውን የሞላ ሰው። ማንም አልተናገረም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እታለም ከመኝታ ቤት በሌሊት ልብሷ ወጣች፤ መጀመሪያ የሰውን ብዛት አየች፣ ቀጥላ የነጠላውን ጥለት አየች። ጋሼ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገብቷት ነበር። «ማን?» አለች። እሳቸውም ነገሯት።

ከጩኸቱ በኋላ፣ ሰው ይዟት ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ እጇ ወደ ራሷ ሄደ። ሹሩባውን በጣቶቿ መፍታት ጀመረች። አንዱን ጉንጉን ከሥሩ ድረስ ፈታች፣ ሁለተኛውን ያዘችና ቆመች። ቀና ብላ ፈለገችኝ።

«ይኼን ስትሠሪ ታውቂ ነበር?»

መልስ አልሰጠኋትም። መልሱን ከፊቴ አነበበችው።

በማግስቱ ፎቁ ሥር አትክልት የምትሸጠው ማማ ምቦጋ አንድ እቅፍ የሱኩማ ጎመን ይዛ «ፖሌ» ብላ ልታጽናና ወጣች። ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች፣ አለቀሰች። ሴትዮዋ መቼ ሞተች? ብላ ጠየቀችኝ። ዐሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል አልኳት። ታዲያ ቀብሩ መቼ ነው? አለች። የዚያኑ ዕለት ተቀብራለች፤ ልጇ የሰማችው ትናንት ነው ስላት ስዋሂሊዬ የተሳሳተ መሰላት። ኬንያዊ ጎረቤቶቻችን ሲሞትባቸው ሞቱን የዚያኑ ቀን ያሳውቃሉ፤ በሬዲዮ ያስነግራሉ፣ አቅም ያለው ጋዜጣ ላይ ከነፎቶው ያወጣል፤ አስከሬኑ ሬሳ ቤት ይቆያል፤ ዘመድ ከየከተማው እስኪሰበሰብ፣ በኤምፔሳ መዋጮው እስኪሞላ አንድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። ወሬው ይፈጥናል፣ ቀብሩ ይዘገያል። የእኛ ተገላቢጦሽ ነው። የሞተውን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንቀብረዋለን፤ የምናቆየው ወሬውን ነው። እነሱ ለቀሪው ሰው የሚሰበሰቡለት አስከሬኑን አስቀምጠው ነው፤ እኛ ደግሞ ቃሉን አስቀምጠን። ለማማ ምቦጋ በተሰባበረ ስዋሂሊ ይኼን ማስረዳት አልቻልኩም። «ደብቃችኋት አብራችሁ በላችሁ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

እታለም ሁለት ወር ያህል አላነጋገረችኝም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወር ረጅም ነው። ካስቀየምኳት ነገር ሁሉ የከበዳት አሥሩ ቀን አልነበረም፤ ያን በኋላ ራሷም «ጋሼ ልክ ነበሩ» ብላ ተቀበለችው። የከበዳት ጣሪያው ላይ ኔትወርክ የለም ያልኳት ነው። «ዝም ብትዪ ይቀለኝ ነበር» አለችኝ። እኔንም እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። መርዶን ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ እናቷን ፈልጋ ለደወለች ሴት ቀጥተኛ ውሸት መዋሸት ሌላ ነው። ልዩነቱን ያን ጊዜ አላወቅሁትም፤ ድራማውም አላስተማረኝም።

ደግሞስ እኛስ ለአገር ቤት ምን ስንል ነበር? ሚያዝያ 2006 ዓ.ም ትዝ ይለኛል። ኢስሊ ውስጥ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ መንግሥት ትልቅ የጸጥታ ዘመቻ ጀምሮ፣ የተያዙት ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎች፣ ወረቀታቸው እስኪጣራ የሚያዙት እዚሁ ካሳራኒ ስታዲየም ውስጥ ነበር። ከጣሪያችን የምናየው ስታዲየም። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። እኛም ፈርተን መጋረጃ ዘግተን፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀንሰን፣ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ የሚጫወትበትን «ሰው ለሰው»ን በከንፈር እንቅስቃሴ አየነው ማለት ይቻላል። እናቴ ደወለች። «እንዴት ዋላችሁ? ፋሲካ እንዴት ነው?» ስትል «ደህና ነን፣ ዶሮ ሠርተናል፣ ድራማ እያየን ነው» አልኳት። አንዱም ሐሰት አልነበረም። ስደት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይኼን ይችልበታል፤ የሚላከው ገንዘብ ከየት እንደመጣ፣ የቪዛው ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ የት እንደሚያድር። ሆድ ይፍጀው ይልና «ደህና ነኝ» ይላል። እናቶቻችን በወዲያ በኩል የራሳቸውን ገመና ይዘው «ደህና ነን» ይላሉ።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም ሲመጣና የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር የእኛ ቤት ተበትኖ ነበር። አንዷ ካናዳ ገብታለች፣ አንዷ አገር ቤት ተመልሳለች፤ እኔ አግብቼ ሁለት ፎቅ ከፍ ብዬ ተከራይቼ፣ እታለም እዚያው አሮጌው ቤት ውስጥ ቀርታለች። አዲስ አበባ ያሉ የጥበብ ሰዎች የውጭው ድራማ ሥራችንን ይገድላል፣ ባህላችንን ያበላሻል ብለው ተቃወሙ፤ እውነትም ነበራቸው። እኔ ግን ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ነው። «ጥቁር ፍቅር»ን ያየነው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አይደለም፤ እያንዳንዳችን በየስልካችን፣ ማታቱ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ አልጋ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ነው። ድራማው በቤተሰብ ምሥጢር የተሞላ ነው፤ ኒሃን መንታ ወንድሟን ለማዳን ብላ የማትወደውን ኤሚርን ታገባለች፣ የልጇን አባት ትደብቃለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። ቱርኮቹ ግን በሰኔ 2009 ዓ.ም ጨርሰውት፣ መጨረሻው በኢንተርኔት ተለቆ ነበር። የኒሃንን ፍቅረኛ የከማልን መሞት ከእኔ ቀድሞ ያልሰማ የለም። አንዷ ፀጉር ቤት ውስጥ ካስክ ሥር ሆና ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ቀድሞ መርዶው የተነገረ ሰው ኑሮ ነበር፤ ሲስቅ እያየሁት ሞቶብኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ የድሮው ተመልሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 መጨረሻ በኮሮና ምክንያት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ካሳራኒ በጊዜ ቤቷ ገባች። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሲቲዝን ቴሌቪዥን «ማሪያ» ይመጣል፤ ከድሃ ሰፈር ወጥታ ሀብታም ቤት የገባች ልጅ ታሪክ ነው። ያስሚን ሰኢድ የምትጫወታትን ማሪያን ካሳራኒ ውስጥ የማይወዳት ልጅ አልነበረም። ልጄ ያኔ የሰባት ዓመት ነበረች። ከጎረቤት ልጆች ጋር ምንጣፉ ላይ ተኮልኩላ ታያለች፤ እኔና እታለም ከኋላ ሆነን እናያለን። ስዋሂሊው ሲያመልጠን ልጄ ትተረጉምልናለች። አንድ ማታ ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ እጇን ዘርግታ «ሙዋምቢዬኒ!» ብላ ጮኸች። ንገሯት ማለት ነው። እታለም አላየችኝም፤ እኔም አላየኋትም። ትንሽ ቆይታ እጄን ያዘችው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ገና አውርተን አናውቅም።

ዛሬ የእኛ ቤት ገና እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ይዟል፤ ከድሮው ባለዳንቴሉ ጋር ሲተያይ ሦስት እጥፍ ይሆናል። አልፎ አልፎ ይበራል። ልጄ ሶፋው ጥግ ላይ በስልኳ የኮሪያ ድራማ ታያለች፣ አባቷ በራሱ ስልክ ዜና፣ እንግዶቹም እንደዚያው። ዶሮው ይበላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ፎቶው ከወጡ ቀድሞ አገር ቤት ይደርሳል። የጣሪያው ኔትወርክ አያስፈልግም፤ እናቴን እዚያው ማዕዱ ላይ ሆኜ በቪዲዮ አያታለሁ፣ ቀሚሷን እታዘባለሁ፣ እሷም ቤቴን ትታዘባለች። ይኼን በረከት አልክድም። ድሮ ለሦስት ደቂቃ ድምፅ 200 ሽልንግ የከፈልኩ ሰው ነኝ።

ባለፈው ዓመት የገና ዋዜማ እታለም ከኢስሊ በርበሬና እንጀራዋን በጨርቅ ከረጢት ይዛ በ17 ቢ ማታቱ ስትመለስ ነበር። ኦልሶፕስ የሚባለውን መጋጠሚያ እንዳለፉ ስልኳን አወጣች። እንኳን አደረሳችሁ የሚሉ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ዶሮ፣ ቄጤማ፣ የገና ጨዋታ፣ ሻማ። ሻማውን የበዓል መሰላት። ጣቷን አሳርፋ ወደ ላይ ስትገፋው ከሻማው ሥር ያለው ፎቶ የወንድሟ ነበር። ያ በ2003 ዓ.ም «አደራሽን እህቴ» ያለኝ ወንድሟ። የለጠፈው የአጎት ልጅ ነው፤ ሥሩ 140 ሰው «ነፍስ ይማር» ብሏል። አንዳንዱ እሷን በስሟ ጠርቶ «መጽናናቱን ይስጥሽ» ብሎ ጽፎላታል፤ ሳትሰማ ተጽናንታለች።

ማታቱው ውስጥ ጮኸች። ማካንጋው፣ ረዳቱ፣ ሙዚቃውን ዘጋ። አጠገቧ ያለች የማታውቃት ኬንያዊት ከረጢቷን ተቀብላ እጇን ያዘች፤ እስከወረዱበት ድረስ አልለቀቀቻትም። እኔ ዘንድ የደወለችው ከማታቱ መውረጃው ነው። ሮጬ ስደርስ ከአንድ የቆሎ ሻጭ ሣጥን ላይ ተቀምጣ፣ ሴትዮዋ አጠገቧ ቆማ አገኘኋት። ፀጉሯን ያን ቀን ሹሩባ አልተሠራችም ነበር፤ ቢሆንም እጇ ራሷ ላይ ነበር።

«አየሽ» አለችኝ፣ «ይኼኛውን ማንም አልደበቀኝም።»

እኔ ዘንድ ቀድሞ የሚደውል ሰው አልነበረም። ቁጥሬን የያዘው ሟቹ ነበር። ጋሼም ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ማታ ነጠላችንን አዘቅዝቀን አሮጌው ቤት ገባን፤ ለበዓል የተቆረጠው ሽንኩርት እንደተቆረጠ፣ ዶሮው ሳይታረድ እግሩ ታስሮ ኩሽና ውስጥ ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ እነዚያ የድሮዎቹ ልጆች፣ አሁን ጎረምሶች ሆነው፣ ወንበር ተሸክመው ወጡ። ማማ ምቦጋ ሱኩማዋን ይዛ መጣች። በዚህ ጊዜ መቼ ሞተ ብላ አልጠየቀችኝም።

አገር ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ። ሐዘን ሲደርስ ሻማውን ከመለጠፋችሁ በፊት፣ ከቤተሰቡ ስደት ላይ ያለ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ካለ አንድ ስልክ ደውሉ፤ ለእሱ ሳይሆን አጠገቡ ላለ ሰው። ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የመስጊድ ሰው፣ በርበሬ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ። ዐሥር ቀን አቆዩት አልልም። በሯን የሚያንኳኳ ሰው እስኪደርስ ድረስ ብቻ ጠብቁ፤ ከካሳራኒ ወደ ካሳራኒ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።